የብዙው መስመር

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች «እማማ፣ ለማንም ያልነገሩትን ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። ለንስሐ አባቴም ያልተነፈስኩት አንድ ነገር አለኝ። እንግዲህ ስሙኝ።

የልጄ ልጅ ቤቲ እዚሁ በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። ያኔ፣ ሽማግሌ አሮጊቱ ኪኒኑን እንዳይረሳ የሚያስታውስ የስልክ አፕ ለአንድ ክሊኒክ ወደ አማርኛ ትመልስ ነበር። አጠገቧ አስቀምጣ በኮምፒውተሯ አሳየችኝ። ኪኒን የሚቆጠርበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ለአንድ ኪኒን፣ ሌላው ለብዙ። በብዙው መስመር ላይ ለቁጥሩ ባዶ ቦታ ትተዋለች፤ ስልኩ ራሱ ቆጥሮ ይሞላዋል።

«የአምላክ ያለህ! ማን አስተማረው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ፣ እማማ! አማርኛ ቲች እያደረግኩት ነው» ብላ ሳቀች።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሴት፣ ስልክ ፊደል ሲቆጥር ቁጭ ብዬ አየሁ።

ተደወለላትና ወጣች። እኔ ፊደል የለየሁት ወንድሜ ዳዊቱን ሲደግም በስንጥር እየተከተልኩ ነው፤ እስከ ዛሬ ጣቴ ካልመራኝ አላነብም። ስክሪኑ ሲነኩት እንደሚሰማ መች አውቄ! ጣቴን ከብዙው መስመር ሥር ሳስኬድ መስመሩ ሰማያዊ ለበሰ። ደነገጥኩ። ሰማያዊውን ላስለቅቅ ብዬ አንድ ቁልፍ ብነካ፣ መስመሩ ራሱ እልም አለ።

እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ቤቲ ተመልሳ «ዳን!»፣ አለቀ ማለቷ ነው፣ እያለች ሥራውን ስትልከው አየሁ፤ ዝም አልኩ። ምን አስፈራኝ? ሁለተኛ አጠገቧ እንዳታስቀምጠኝ ይሆን?

የክሊኒኩ ሰዎች ሲሞክሩት፣ አንድ ኪኒን ሲሆን ይናገራል፤ ሁለት ሲሆን አፑ ድርግም ይላል። ሥራውን ለሌላ ሰጡባት። እያለቀሰች «የኔ አማርኛ ጥሩ ስላልሆነ ነው አይደል፣ እማማ?» አለችኝ። እኔስ ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ብጠራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። አለመማሬ ነው፣ እርጅናዬ ነው አልልም። መስመሩንስ ጣቴ አጠፋው ይባል፤ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ፣ እኔው።

አምና እዚሁ ቅርብ ካለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ቤቷ ሄጄ፣ ለጸሎት የማስይዘውን የሰው ስም በኮምፒውተሯ ፊደል በፊደል ስለቅም ሁሉም ጠፋብኝ። ጮህኩ። ቤቲ መጥታ፣ ቁጭ እንኳ ሳትል፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነች። የጠፋው ሁሉ አንድ ፊደል ሳይጎድል ከነቦታው ተመለሰ።

«ይሄ ነገር ድሮም፣ ያኔ የኪኒኑን ስትሠሪም ነበር?» አልኳት።

«ኦልዌይስ፣ ግራንድማ» አለችኝ። ሁልጊዜ ነበር ማለቷ ነው።