ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩንባ

በምሠራው አጭር ፊልም ውስጥ አንድ አባት ይሞታል። ሞቱን ማሳየት አልፈለግሁም፤ በድምፅ ብቻ እንዲታወቅ ነበር ሐሳቤ። ኪቦርድ ሞከርኩ፣ ዋሽንት አስገባሁ። ሁሉም ተመልካቹን በግድ አልቅስ የሚል ሆነብኝ። በከተማችን በመካነ ሰላም ሞት የሚሰማው በሙዚቃ አይደለም፤ ቅሬ በምንለው እድር ጥሩንባ ነው።

ጥሩንባ ነፊውን ለቀረጻ እንዲነፉልኝ ብለምናቸው ተቆጡኝ። ሰው ሳይሞት አይነፋም አሉ። አንድ ማለዳ የላይ ሰፈር ሽማግሌ አርፈው ጥሩንባ ነፊው ሲነፉ ግን መስኮቴን ከፍቼ ቀዳሁት።

እናቴ ከክረምት ጀምሮ በልብ ሕመም ተኝታለች፤ አልጋዋ ከምሠራበት ክፍል ቀጥሎ ነው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛት አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ እሠራለሁ፤ በየመሐሉ እያወለቅሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ድሮም ፈሪ ነኝ፣ ያን ሰሞን ደግሞ ባሰብኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጥሩንባውን ከምስሉ ጋር ሳገጣጥም ሳል የሰማሁ መሰለኝ። ተስፈንጥሬ ስነሳ የማዳመጫው ገመድ ተነቀለ። ጥሩንባው በትልቁ ስፒከር ሰፈሩን አዳረሰው። እስካጠፋው ጎረቤቶች ደጃፋችን ደርሰዋል። በግቢያችን ማን እንደታመመ ያውቃሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «እትዬ ደጓ፣ እትዬ ለጋሷ» እያሉ ያለቅሳሉ።

ወደ እናቴ የገባሁት ሞታ አገኛታለሁ ብዬ ነው። እሷ ግን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በእግሯ ጫማዋን ትፈልጋለች፤ ለቅሶ ልትደርስ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

ማንም አልሞተም፣ ፊልም ነው አልኳት። የውጪውን ለቅሶ ግን ሰማችው፤ ለማን እንደሆነም ገባት። አዳመጠች። እኔ ደረቷን ደረቷን አያለሁ።

ወጥቼ እውነቱን ስነግራቸው አንዷ ጎረቤት በነጠላዋ ጫፍ ገረፈችኝ። ሌሎቹ «አፊያ ያድርጋት» እያሉ ገብተው ሲያጫውቷት አመሹ።

ሲሄዱ ጠራችኝ። «አለቃቀሳቸው ደስ ይላል» አለች፤ ፈገግ ብላለች። «የእኔ ጊዜ ሲደርስ ግን የቀዳኸውን እንዳታሰማብኝ። ጥሩንባ ነፊው ራሳቸው ይንፉልኝ።»

ጥሩንባውን ከፊልሙ አወጣሁት። በምትኩ እግር ወለሉ ላይ ጫማ ሲፈልግ ይሰማል፤ ቀጥሎ አንዲት ሴት «ማን ሞተ?» ትላለች። ድምፁ የእናቴ ነው፤ ስለምናት ደግማ ብላልኛለች። ያን ቦታ ስደርስ ማዳመጫውን አውልቄ ወደ ክፍሏ ጆሮዬን እጥላለሁ። አንድ ቀን የሚቀረኝ የቀዳሁት ድምጿ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።