መቶ ከመቶን ያላመኑት መምህርት

መምህርት ጥሩወርቅ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ባሕር ዳር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ለረጅም ጊዜ የኩላሊት ሕመም እንደነበረባቸው ከቤተሰባቸው አረጋግጫለሁ። ከተማው ሌላም ያወራል፤ ጠይቄ መሠረት ስላላገኘሁለት እዚህ አይገባም።

ብዙዎች የሚያውቋቸው በኮምፒውተር መምህርነታቸው ነው። እኔ የማስታውሳቸው በመጨረሻ ሥራቸው ነው፤ ከግድብ በታች ለሚኖሩ ሰዎች ውኃ ሲለቀቅ በስልክ ማስጠንቀቂያ የሚያደርስ መተግበሪያ ነድፈው ነበር። ግድቡ በክረምት ሲሞላ በሩ ይከፈታል፤ ወንዙም ጣና ከመግባቱ በፊት ሜዳው ላይ ያሉትን ቤቶች ያገኛቸዋል። ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ ወደ ኮረብታው ለመውጣት ያለው ጊዜ አጭር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ሥራውን ያሠራው ድርጅት «መልእክቱ ለተመዘገቡት ስልኮች ሁሉ ደርሷል፤ መቶ ከመቶ» ብሎ ነገረኝ። እንደተነገረኝ ጻፍሁ። ዜናው በወጣ ማግስት መምህርት ደወሉልኝ።

«ዜናህን አነበብሁት። ማንን ጠይቀህ ነው?»

«ድርጅቱን።»

«ከመንደሩስ?»

«ከመንደሩ ማንንም አልጠየቅሁም።»

«እኔ መቶ ከመቶ ያመጣ ተማሪ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው የጎረቤቱን ወረቀት ነው» አሉኝ።

የሥራ ማስረከቢያውን ወረቀት አልፈርምም ማለታቸውን የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። እውነቱን ልጻፍና፣ ጠረጠርኋቸው። አንድ የድርጅቱ ኃላፊ «ውሉ እንዲራዘምላቸው ፈልገው ነው» ብሎኝ ነበር፤ የማይመስል ነገር አልነበረም። ወደ መንደሩ ሊሄዱ መሆኑን ስሰማ አብሬ ልሂድ አልኋቸው።

«ልትሰልለኝ ከሆነ ጫማህን ቀይር፤ መንገዱ ጭቃ ነው» አሉ።

ከቁንዝላ መንገድ ወርደን በእግር ገባን። መጀመሪያ ያገኘናቸው አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ከአጥራቸው ውጭ ቆመው አነጋገሩን፤ ግቡ አላሉንም።

«ይኸ ስልኬ ላይ የጫናችሁት ነገር የት እንዳለሁ ለምን ይጠይቀኛል? ዛሬ ቤቴን አወቃችሁ፤ ነገ መሬቴን ልትለኩ ነው?»

«ቢጠረጥሩ ደግ አደረጉ፣ አያ ደሴ። እኔም ጠርጥሬ ነው የመጣሁ።» መምህርት ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መተግበሪያው ስልኩ ያለበትን ቦታ እንዳያይ እንዴት እንደሚዘጋ በራሳቸው በአያ ደሴ ስልክ አሳዩዋቸው። ከዚያ «ቅዳሜ ዕለት ጮኾ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ቅዳሜማ ገበያ ነው፤ ስልኬ ሰይድ ዘንድ ዋለ።»

መንደሩ መብራት የለውም። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ስልክ ይዞ ሄዶ ሰይድ ሱቅ ቻርጅ ያስደርጋል፤ ሲመለስ ይዞት ይገባል። ቤት ለቤት ስንጠይቅ መልሱ አንድ ሆነ። ሜዳው ላይ የዋሉት ሴቶች፣ ሕፃናትና አሮጊቶች አንዳች ነገር አልሰሙም።

መምህርት ግንባራቸውን ያዙ። «ቅዳሜን የመረጥሁ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሁሉም ቤቱ ይውላል ብዬ፤ የከተማ ሰው!»

ውሉ እንዲራዘምለት የፈለገ ሰው ስሕተቱን በጋዜጠኛ ማስታወሻ ፊት እንዲህ አይናገርም። ጥርጣሬዬ አቅጣጫውን የቀየረው እዚያ ላይ ነው።

የሰይድን ሱቅ ገበያው ዳር አገኘነው። «ያ ነገር የእናንተ ነበር?» አለ ሰይድ። «ሁሉም ባንድ አፍ ሲጮኹ ሱቁ የተቃጠለ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ! ከቀበሌው ሁሉ ማስጠንቀቂያው የደረሰው ለእኔ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የምኖር ኮረብታ ላይ!»

መምህርት ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ቆመ። «ደረሰና ተሰማ ለየቅል ናቸው። ይኸን ጻፍ» አሉኝ። ጻፍሁ፤ የቀደመውንም ዜና አረምሁ።

መተግበሪያውን እንደገና ነደፉት። አዲሱ፣ ሰው በጣቱ «ሰምቻለሁ» የሚለውን እስኪነካ ድረስ ደርሷል ብሎ አይቆጥርም። ካልተነካ የዚያን ቤት ስም ለጎረቤት ይልካል፤ ጎረቤት ሮጦ ይጠራል። በገበያ ቀንም በየሰፈሩ አንድ ስልክ በተራ እንዲቀር መንደሩን አስማሙ።

ወንዙ ዳር እማሆይ ወርቄ የሚባሉ ስልክ የሌላቸው አሮጊት አሉ። መምህርት ማን እንደሚጠራቸው ሲጠይቁ ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየ። መምህርት እማሆይ ደጅ ላይ ቁጭ አሉ። «ስም ሳልይዝ አልነሣም።» ዝናብ ጀመረ።

«ኧረ ይነሡ እሜቴ፣ ብርድ ሊገድልዎ ነው! እኔ እጠራቸዋለሁ» አለች አንዲት ጎረቤት።

«አንቺ ገበያ ስትሄጂስ?»

ሁለተኛ ስም እስኪገኝ ድረስ አልተነሡም።

ሁለተኛው ሙከራ ሳይደረግ አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ያው ኃላፊ ሥራው ተጠናቆ ለክረምቱ ዝግጁ መሆኑን ነገረኝ። ማን ፈረመ ብዬ ጠየቅሁት። «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» አለ። ወረቀቱን ለማየት ጠየቅሁ፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አላየሁትም።

መምህርት፣ ሰው ሲሸኝ ሥራው ተፈጸመ ይባላል። እኔ አላረጋገጥሁምና አልልዎትም። ጠርጥሬዎት እንደነበር በአፌ ሳልነግርዎ ሄዱ፤ ይቅር ይበሉኝ። «ዝግጁ ነው» የሚለውን ዜና አልጻፍሁትም። የሜዳው ሰው እሱን አንብቦ ከሚተኛ፣ ጠርጥሮ ወንዙን ቢያይ ይሻለዋል። ሙከራው በሚደረግበት ቀን እማሆይ ወርቄ ደጅ እገኛለሁ። የሚጠራቸው ሰው ሲመጣ በዓይኔ ካየሁ፣ ያን ጊዜ እጽፋለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ።