ያልማሉት አባት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ ስንት የሐዘን ወረቀት በእጄ አልፏል። የእኚህ አባት ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣ ብሏል።

አያ ስመኘው የዱርቤቴ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ይርጋ ባሕር ማዶ ሥራ ላይ እያለ ሞተ። አስከሬኑ እንዲላክ፣ አባቱ መሆናቸውን ጠበቃ ፊት በቃላቸው ተናግረው መፈረም ነበረባቸው። ከሴት ልጃቸው ከጥሩዬ ጋር መጡ፤ እኔም ላስተረጉም ጠበቃው ቢሮ ተገኘሁ።

«አባቱ መሆኔን በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ» የሚለውን ከባሕር ማዶ ከተላከው የእንግሊዝኛ ወረቀት ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

«እኔ አልምልም» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

ጠበቃው የገባቸው አልመሰለውም። «አባባ፣ ውሸት እኮ አይደለም፤ ልጅዎ ነው» አላቸው።

«ያን ጊዜም ውሸት አልነበረም። በመሬት ድንበር ክርክር ምስክር ሆኜ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማልሁ። ክረምቱ ሳይወጣ የበኩር ልጄን ቀበርሁ። ከዚያ ወዲህ እንዳልምል ለንስሐ አባቴ ቃል ገብቻለሁ። አሁን የቀረችኝ ይች ናት» አሉና ወደ ጥሩዬ አዩ።

ጥሩዬ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባየ፣ በኔ ይምጣ! ይማሉ፤ ወንድሜ በሰው አገር አፈር አይቅር!»

«እሱም ልጄ ነው፤ አንቺም ልጄ ነሽ» አሏት።

እውነቱን ልናገር፣ መሐላ ሰው ይገድላል ብዬ አላምንም፤ በሽማግሌው ግትርነት ተናድጄም ነበር። ልጅቷ ስታለቅስ ግን ወረቀቱን መልሼ አየሁት። እንግሊዝኛው «ስዌር ኦር አፈርም» ይላል። «ስዌር» መማል፣ «ኦር» ደግሞ ወይም ማለት ነው። «አፈርም» ግን እኔ ቆጥሬ እንደዘለልኩት የእሱ ድግግሞሽ አይደለም። መማል የማይሻ ሰው የአምላክን ስም ሳይጠራ እውነት መናገሩን የሚያረጋግጥበት፣ በሕግ ራሱን የቻለ መንገድ ነው፤ የዋሸበት እንደማለ ሰው ይጠየቅበታል። ጠበቃውን ብጠይቀው «ልክ ነሽ፤ አንዱ ይበቃል» አለኝ።

«አያ ስመኘው፣ አይማሉ። እውነቱን ብቻ ይናገሩ» አልኳቸው።

«ስሙን ሳልጠራ?»

«ሳይጠሩ።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ይርጋ ልጄ ነው። እኔ ወለድሁት፤ እኔው ልቅበረው» አሉ። ጠበቃው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ እንባዬን መደበቅ እንኳ አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ጻፍኩት።

አስከሬኑ መጣ። ዱርቤቴ ለቀብሩ ሄጄ አያ ስመኘውን ጥሩዬ ደግፋቸው ቆማ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ያ «አፈርም» የሚለው ቃል ሲመጣብኝ ሁለቱን መንገዶች ለባለጉዳዩ ሳልናገር ብዕር አላነሣም። መሐላ ይገድላል ብዬ ዛሬም አላምንም። ነገር ግን አንድ ቃል ዘልዬ፣ አንድን አባት ከሞተ ልጁና በሕይወት ካለችው ልጁ አንዱን እንዲመርጥ ላደርገው እንደነበር ሳስብ ይዘገንነኛል።