ከመሃል የተሰጠው እሸት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የክፍል ኃላፊያችን አቶ ንጉሤ የሰጡኝ አንድ ጥቅል ቀይ ክርና ሃያ የጨርቅ ከረጢት ነው። «ሰይድ፣ ማረሱንማ ቤትህም ታርሳለህ» አሉኝ፤ «እዚህ ሥራህ መለየት ነው።» እኔ ደግሞ ከውርጌሳ ድረስ ዶማዬን ተሸክሜ በእግሬ መምጣቴ! ግድግዳ አስደግፌው ዋልኩ።

ጣቢያችን ከመርሳ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ያለ ትንሽ የዘር ማባዣ ነበር። በቀን ሠራተኝነት ገባሁ፣ የመስክ ረዳት ሆንኩ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝም በዚያው ማዕረግ ወጣሁ። ሰው «ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠራ ኖርክ?» ሲለኝ «አደንጓሬ ስለቅም» እላለሁ። ይስቃሉ። አብሬ መሳቅም ሰልችቶኛል።

ሥራው ይህ ነው። ቦታ ስለማይበቃን ሁለት ዓይነት አደንጓሬ ጎን ለጎን እንተክላለን። ሐረጉ ድጋፍ እንጨቱን ይዞ ይወጣና ከጎረቤቱ ጋር ይጠላለፋል። አደንጓሬ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ አበባ ያፈራል፤ ሆኖም ትልልቆቹ ጥቋቁር ንቦች ዳር ዳሩን ካንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ይውላሉ። ስለዚህ ዘር የሚያዘው መደቡ መሃል ካሉት ነው። ቀይ ክር ታስርባቸዋለህ፤ ፍሬው እዚያው ደርቆ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ አትነካቸውም። የዳሩ ለድስት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

እማማ ዘሃራ የሐብሩ ገበሬ ናቸው። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ተቆረጠባቸውና የተረፋቸውን አንድ ብርጭቆ ነጭ አደንጓሬ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ጣቢያው ድረስ መጡ። ነጩ ቶሎ ይደርሳል፣ በትንሽ እንጨትም ይበስላል። ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ በአካባቢው ከእሳቸው በቀር የያዘው ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ እናንተ መስኖ አላችሁ፣ እኔ ውሃ የለኝም። ይኸው፣ አማና ነው፣ አደራህን» አሉኝ።

«አብሽሩ እማማ፣ ኢንሻ አላህ አባዝቼ እመልሳለሁ።»

ከጣቢያው ቀይ አደንጓሬ አጠገብ ተከልኩት፤ ባዶ ቦታ የነበረው እዚያ ብቻ ነው። የመሃሎቹን ሐረጎች በቀይ ክር አሰርኩ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

በአጥራችን ሥር የገበያተኛ መንገድ ያልፋል። ፍሬው ሲሞላ ሰው ቆም ብሎ «እሸት የለም ወይ?» ማለት ጀመረ። በእኛ አገር እሸት የጠየቀ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። ከዳር ለቅሞ መስጠት ደግሞ ነውር ነው፤ የዳሩ አቧራ የጠጣ፣ ከብት የታከከው ነው። እኔም ወደ መሃል ገባሁ። መጀመሪያ ለአንድ ሽማግሌ እፍኝ ሰጠሁ፣ ቀጥሎ ለአንዲት ነፍሰ ጡር፣ ከዚያ ወዲያ ማን መጣ ማን ቀረ አላስታውስም። ክሩን አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አይቼዋለሁ፤ ግን አፈርኩ።

ሲደርቅ ክር የታሰረባቸው ባዶአቸውን ቆመው ነበር። ከዳሩ ለቀምኩ። ስፈለፍለው አንድም ቀይ የለበትም፣ ሁሉም ነጭ። ደስ አለኝ። አቶ ንጉሤን እንኳ ሳላማክር አንድ ቁና ሞልቼ ለእማማ ዘሃራ አደረስኩ። እጄን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ።

ለስንት አዲስ ሠራተኛ ያስረዳሁትን ነገር ለራሴ ረሳሁት። የፍሬው ቆዳ የእናቲቱ ነው፤ ድቅሉ በዚያ ዓመት ፍሬ ላይ አይታይም። የሚታየው ፍሬው ተዘርቶ ሲያብብ ነው።

በዓመቱ እማማ ዘሃራ ሰው ላኩብኝ። ማሳቸው ነጭ አበባ ለብሷል። በነጩ መካከል እዚህም እዚያም ሐምራዊ አበባ አለ፤ የጣቢያው ቀይ አደንጓሬ የሚያብበው እንደዚያ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ነው?» አሉኝ።

ያደረግኩትን ነገርኳቸው።  ጣቢያ ስመለስ ለአቶ ንጉሤም ነገርኳቸው፤ ተቆጡ። «ክሩን ያሰርከው ለጌጥ ነው? አሁን ሂድና ንቀል፤ ሳያፈራ።»

አበባው እስኪያልቅ በየሦስት ቀኑ ከመርሳ በእግሬ እየሄድኩ ሐምራዊውን ነቀልኩ። በመስኩ ሕይወቴ እንደዚያ የደከመኝ ጊዜ የለም፤ የደከመኝ ግን መንገዱ አልነበረም። እማማ ዘሃራ ከኋላዬ እየተከተሉ የነቀልኩትን ለፍየላቸው ይሰበስባሉ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍሬው ሞልቶ፣ መሃሉን በክር እያሰርን ሳለ ጎረቤታቸው ሼህ ይመር በዚያ አለፉ። «ዘሃራ፣ እሸት የለም?»

እማማ ዘሃራ ለማንም እሸት በመስጠት የታወቁ ሴት ናቸው። መሃሉን አዩ፣ ክሩን አዩ። «ከዳሩ ይልቀሙ ሼህ፤ መሃሉ ዘንድሮ አይነካም።»

ሼህ ይመር ቆመው አዩዋቸው። «ወላሂ፣ አንቺም መሰሰት ጀመርሽ?» አሉና ከዳር እፍኝ ለቅመው ሄዱ።

እማማ ዘሃራ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ በዚህ ሰውዬ ጥፋት ነው ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። እኔም አፌን አልከፈትኩም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ዘሩ ተረፈ። ያን ዓመት ከመሃሉ የተለቀመው ጥቂት ብርጭቆ ብቻ ነበር፣ ንጹሕ ግን ነበር። አሁንም ድረስ ያበቅሉታል።

ለምትተኩኝ የምለው ይህን ብቻ ነው። አደንጓሬ ተጠጋግቶ ከተተከለ ለዘር የመሃሉን እሰሩ፤ እሸት ለጠየቀ ሰው ከዳር ስጡ፤ ታፍራላችሁ። እናንተ ሐፍረቱን ከሸሻችሁ ባለዘሯ ታፍርላችኋለች።