ለሁሉም አርባ ሦስት ቁጥር

«ሴፍቲ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ መስማት አልፈልግም።

ቴፒ ላይ አንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ሲያሠራ በቀን ሥራ ባሬላ እንሸከም ነበር። ባሬላ ያው ለሁለት ነው፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ይዘን የተቦካውን ሲሚንቶ ላይ ላሉት ግንበኞች እናደርሳለን። ከፊት የምትይዘው ከጌጫ የመጣች ጓደኛዬ ነበረች። የቡና ለቀማ ካለፈ ሌላ መተዳደሪያ የላትም፤ ልጆቿ የሚበሉት በእነዚያ ክንዶቿ ነው።

መወጣጫው ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ጣውላ ነው፤ መደገፊያ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የቴፒ ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ጣውላው ሳሙና የተቀባ ይመስላል። እኛ ግን በኮንጎ ጫማችን ጠበቅ ጠበቅ አድርገን እየረገጥን እንወጣው ነበር። ለምደነዋል።

አንድ ጠዋት ሴፍቲ ነኝ፣ የሠራተኛውን ደህንነት እቆጣጠራለሁ የሚል ሰውዬ ከአዲስ አበባ መጣ። አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ በካርቶን ጭኖ መጥቷል፤ ሁሉም የወንድ፣ ሁሉም አርባ ሦስት ቁጥር። የጓደኛዬ እግር የልጅ እግር ነው የሚያህለው።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ እግሬ ላይ አይቆምም» አለችው።

«ሕግ ነው። ያላደረገ ወደ ቤቱ።»

እኔ መቼ ዝም እላለሁ! «እንግዲያው መጀመሪያ መደገፊያውን አስመታልና» አልኩት። እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ፎርማኑን ጠይቂ አለኝ። ፎርማኑን ብጠይቀው እንጨት አልመጣም አለ። በዚህ በጫካ አገር እንጨት ጠፋ ብሎ አፉን ሞልቶ ሲናገር ትንሽ እንኳን አላፈረም። እሷ ግን ምን ታድርግ? ቦታዋን የሚጠብቅ ሰው በሩ ላይ ተሰልፏል። ጫማው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ አጠለቀችው።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ መጣ። መወጣጫው አጋማሽ ላይ ስንደርስ አንደኛው ጫማዋ በጣውላዎቹ መሃል ተሰንቅሮ ቀረ፣ እግሯ ከውስጡ ሾልኮ ወጣ። ልይዛት እንኳን አልደረስኩም። ባሬላውን ጥዬ ስወርድ ድንጋይ ላይ ወድቃለች፣ ቀኝ ክንዷ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል። «ልጆቼን፣ ልጆቼን» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም።

የሴፍቲው ሰውዬ እየሮጠ ሲመጣ ሳየው፣ ለካ ሰው ነው ብዬ ነበር። አጠገቧ አልቆመም። አልፏት መወጣጫውን ወጣ፣ ጫማውን ከጣውላው ላይ አላቀቀና ይዞት ወረደ። «ያለ ጫማ ወደቀች እንዳይባል» እያለ ተንበርክኮ ባዶ እግሯ ላይ አጠለቀላት። እሷ በሕመም ትጮኻለች፣ እሱ ክሩን ያስራል። ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጎ ጨርሶ ነው «መኪና ጥሩ» ያለው።