የአክስቴ እሺ

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። እኔ የሰፋችውን እተኩሳለሁ። ቀኑን ሙሉ እስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስለምትውል ከአፏ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሺ። ደንበኛ ትመጣና ቀይ ይሁንልኝ፣ ሽንሽኑ ይብዛ፣ እስከ ወለል ይውረድ ትላለች። እሺ። ባሌ ነጭናጫ ነው፣ ልጄ መጋረጃ ላይ ይንጠለጠላል። እሺ፣ እሺ። ከዚያ አክስቴ ራሷ ያመነችበትን ትሰፋለች።

"እሺ ብለሽኝ አልነበር?" ብለው ሲጮሁባት፣ "እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው እንጂ አደርጋለሁ ማለት ነው እንዴ?" ትላቸዋለች። ስቀው ይከፍላሉ። ሰፈሩ "እሺቱ" ብሎ ስም አውጥቶላታል።

ያላት ልጅ አንድ ነው፤ የጭነት መርከብ ላይ የሞተር መካኒክ ነው። ከባሕር ሲደውል መስመሩ ይንኮሻኮሻል። እሱ ያወራል፣ እሷ እሺ፣ እሺ ትላለች። እሺታዋ ከጠፋ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው፤ እሱም ይዘጋል። እንዲህ ሲሉ ሳይተያዩ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን መርከባቸው ሩቅ ወደብ ላይ ለአንድ ቀን ብቻ እንደሚያርፍ ነገራት። ያጠራቀመችውን ሁሉ አሟጣ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠች። ከደንበኛ መጋረጃ በተረፈ ብጫ ጨርቅ ቀሚስ ሰፋች፤ ልጇ ከሩቅ እንዲለያት ነው። "መስኮት መሰልሽ" አልኳት። "ይሁን፣ አሻግሮ ይየኝ" አለች።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ከአየር መንገዱ ተደወለ። እስፒሉ አፏ ውስጥ ነበር።

"እናቴ፣ የነገው በረራ ተሰርዟል።"

"እሺ።"

"ለሚቀጥለው በረራ አዛውረንዎታል፤ ከነገ ወዲያ ነው። ተስማምተዋል?"

"እሺ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እስፒሎቹን ተፍታ "ምን አለ?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። የሰማሁትን ነገርኳት፤ መልሰን ብንደውል ሙዚቃ ብቻ አሰሙን። ምናልባት መርከቡም እንደነሱ ይዘገይ ይሆናል ብላ ባዛወሯት በረራ ሄደች። መርከብ ግን አየር መንገድ አይደለም፤ በሰዓቱ ሄዷል። ብጫ ቀሚሷን ለብሳ ባዶ ውሃ አይታ ተመለሰች።

ካሳ እንጠይቅ አልኳት። መርከቡ በዓመቱ መጨረሻ እዚያው ወደብ ይመለሳል፤ ካሳው ከተከፈላት ሌላ ትኬት ትገዛበታለች። ካልተከፈላት ግን ስንት መጋረጃ ሰፍታ ትደርስበታለች?

አብረን ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ሄድን። ግድግዳው ላይ የሚስቁ ሰዎች ፎቶ ተለጥፏል። ቅሬታ ተቀባዩ ሽቶ የተነከረ፣ ጥርሱን የማይከድን ሰው ነው። ከአፉ "እናቴ" አይጠፋም። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ የተቀዳውን የስልክ ድምፅ ከፈተው። እሺ፣ እሺ የምትለው አክስቴ ክፍሉን ሞላችው።

"በረራ ስንሰርዝ ካሳ እንከፍላለን፣ እናቴ። እርስዎ ግን በአዲሱ ቀን ተስማምተዋል።"

"ልጄ፣ እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው" አለች፣ ሕፃን እንደምታስረዳ።

"ድርጅቱ እንደዚያ አይተረጉመውም።"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ አለቃው ደወለለት። "እሺ ጌታዬ። እሺ። እሺ።" ሲዘጋው፣ "በምን ተስማማህ?" አልኩት።

"ኧረ፣ እየሰማሁት ነበር እንጂ..."

ወረፋው ሳቀ። እሱም ጆሮው ቀላ። ይኼኔ ያፍራል ብዬ ነበር፤ የት አባቱ! መሳቢያውን ከፍቶ የኤርፖርት ካፌ ኩፖን አወጣ፤ አንድ ሳንድዊች ከአንድ ለስላሳ ጋር። "ስለ መጉላላትዎ ነው፣ እናቴ። እሺ ይበሉኝና ፋይሉን እንዝጋው።" እሺ ይበልጣል ከሺህ የሚለውን ተረት እነዚህ ሰዎች በደንብ ገብቷቸዋል፤ የአክስቴን እሺ በስንት ሺህ እንደመነዘሩት እነሱ ያውቃሉ።

አክስቴ ኩፖኑን በአንድ ጣቷ ገፋችለት።

"እናቴ የሚለኝን አሳጥታችሁኝ፣ እናቴ ትሉኛላችሁ?" ብላ ተነሣች። ከኋላችን "ቀጣይ!" ሲል ሰማነው።

ከዚያ ወዲህ ያችን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ደንበኛ ያወራል፣ እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች። "እሺቱ" ብለው ሲጠሯት ዞር አትልም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ እሷ ግን አንዴ ያመለጣትን አፏን ዳግም ላትለቀው የማለች ትመስላለች። እኔም ይለፍላት ብዬ ተውኳት።

ባለፈው ሳምንት ልጇ ደወለ። መጋረጃ እየለካች ስለነበር ድምፁን ለሁለታችንም ከፈትኩት።

"እማዬ፣ ቀኑ ታወቀ! ስንመለስ ሁለት ቀን እናድራለን። ትኬቱን እኔ እልክልሻለሁ፤ አንቺ አትጨነቂ። ትመጫለሽ አይደል?"

አክስቴ ሜትሯን ጣለች። እስፒል አልነከሰችም። ፊቷ በራ፣ እንባዋ መጣ፣ አንገቷን ደጋግማ ነቀነቀች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ግን አልወጣም።

"እማዬ? እማዬ... ኤጭ፣ ተቋረጠ።"

ዘጋው።

አክስቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

"እየሰማሁት ነበር እኮ" አለች።