ኦቦ ጀማል ያልተነሱት ራጅ

መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ሕመም ሊባል የሚችል አልነበረም። በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር የሆነ ነገር ይከብደኛል። ሰሌዳው ላይ ከፍ አድርጌ ስጽፍ ይስበኛል፤ ክንዴን ሳወርድ ይተወኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያስተምር ሰው የሆነ ቦታ ማመሙ አይቀርም ብዬ ችላ አልኩት። እያደር በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ሁለት ጉርሻ ስበላ እጠግባለሁ። ፊቴ ከስቶ ቀሚሴ ሆዴ ላይ ጠበበኝ።

ጭሮ ውስጥ ሆዴን አመመኝ ያለ ሰው የሚያልፍበትን ሁሉ አለፍኩ። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባልኩና ቃሪያና ቡና ተውኩ። ቀጥሎ ታይፎይድ፣ ከዚያ ጃርዲያ ተባለ። የታዘዘልኝን ክኒን ሁሉ እሺ ብዬ ዋጥኩ፤ ተማሪዎቼ የዚያን ግማሽ ቢታዘዙኝ ጂኦግራፊ የሚወድቅ አይኖርም ነበር። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አልትራሳውንድ አነሳኝ። መሣሪያውን ሆዴ ላይ እያንሸራተተ ብዙ ቆየ። ጉበቴ ላይ ውሃ የቋጠረ ትልቅ ከረጢት እንዳለ ሲነግረኝ ካንሰር ነው ብዬ ደመደምኩ። እሱ ግን ያላሰብኩትን ጠየቀኝ።

"ቤትዎ ውሻ አለ?"

"አምስት" አልኩት።

መሣሪያውን አስቀመጠና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

ስለ አምስቱ ልንገራችሁ። ሚኤሶ አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበር። ሥራውን ይመራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ሃስኪ የሚባሉ ውሾች አስመጥቶ ነበር፤ ለበረዶ የተፈጠሩ፣ ፀጉራቸው ድርብ የሆነ፣ ገሚሶቹ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው። ሥራው ሲቋረጥ ሰዎቹ ሄዱ፣ ውሾቹ ቀሩ። አብረዋቸው የቀሩት የካምፑ ዘበኛ ኦቦ ጀማል ብቻ ናቸው። ደመወዛቸው ከቆመ በኋላ እንኳ ከቤታቸው የማሽላ ቂጣ ቆርሰው ያበሏቸው ነበር። ልጃቸው ፈቲያ ጭሮ ውስጥ ተማሪዬ ስለነበረች ነገረችኝ፤ እኔም ወረድኩ። አምስቱም ከውሃ በርሜሉ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው፣ ምላሳቸው ወጥቶ ተጋድመዋል። የበረዶ ውሻ በሚኤሶ ፀሐይ ሲቃጠል አይቼ ዝም ብዬ መመለስ አልሆነልኝም። በአይሱዙ ጭነን ቀዝቀዝ ወዳለው ጭሮ አመጣናቸው። ኦቦ ጀማል ውሾቹ እስኪለምዱ ድረስ ጥቂት ቀን ልሰንብት ብለው አብረው መጡ። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክፍል ይዘው ዓመታት ሰነበቱ።

ሰፈሩ ውሾቹን አልወደዳቸውም። ሃስኪ እንደ አገር ውሻ አይጮህም፣ ያላዝናል። የንጋት አዛን ሲጀምር አምስቱም አብረው ያላዝኑ ነበር፤ ጎረቤቶቼም ቲቸር ጅብ ታሳድጋለች ይሉ ጀመር። ኦቦ ጀማል ሰጋጅ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ከማንም በላይ አሳፈራቸው። ስለዚህ ከአዛኑ ቀድመው ተነስተው ለእያንዳንዳቸው የሚያኝኩት ይሰጧቸዋል። አፋቸው ሥራ ሲይዝ ዝም ይላሉ። ከዚያ እሳቸው እጃቸውን አጥበው፣ ለሶላት ለብቻ የምትቀመጥ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ጉራቻ፣ አዲ፣ ቡላ እያሉ ስም ያወጡላቸውም እሳቸው ናቸው። አምስቱም ከእኔ ይልቅ የእሳቸውን ድምፅ ይሰሙ ነበር፤ በዚህ ቀናሁ፣ አልዋሽም።

በየንጋቱ የሚሰጧቸው ሳንባ ነው። ከብት ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ከተገኘ፣ ደህና ባለ ሥጋ ቤት ያንን ለሰው አይሸጥም። ቆርጦ ያወጣና ለውሻ ይሁን ይላል። ለእኛ ያስቀምጥልን ነበር፤ እኛም አመስግነን እንወስዳለን። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነው ሁሉም የገባኝ። ያ ውሃ የቋጠረው ነገር ውስጥ የትል እጭ አለ። ውሻ በጥሬው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ሆኖ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ፀጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ ይቀራል። ሰው ሳያውቀው በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። ከዓመታት በኋላ እንደ ከብቱ ሁሉ የሰውም ጉበት ወይም ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ሃይዳቲድ ሲስት ይሉታል። ውሻው ግን ምንም አይሆንም፤ ሲቦርቅ ይውላል።

አዲስ አበባ ተላክሁ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ጀመርኩ። ቀዶ ሕክምናውን የምትሠራልኝ ሐኪም በዕድሜ የገፋች፣ ቃል የማታባክን ሴት ነበረች።

"መክፈቱ አያስፈራኝም" አለችኝ። "ከረጢቱ ከፈነዳ ነው የምፈራው። ፈሳሹ ሰውነትሽን ያስቆጣዋል፤ ደም ግፊትሽ በአንዴ ሊወርድ ይችላል። ከውሾቹ ጋር የኖረ ሌላ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይመርመር።"

ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ለኦቦ ጀማል ደወልኩ። ሳንባውን እንዲያቆሙ፣ ለውሾቹ በአውቶቡስ የላክሁትን የትል መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ የእንስሳት ሐኪሙ እንዲሰጣቸው፣ እሳቸውም የደረት ራጅና የሆድ አልትራሳውንድ እንዲነሱ ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ። ሲያስሉ ሰማሁ። አቧራ ነው አሉ።

ተከፈትኩ። ነቃሁ። ከረጢቱ ሳይፈነዳ ወጣ። ጎኔ ላይ ቱቦ ነበር። መሳቅ አልችልም። ማልቀስም አልችልም።

አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሆኜ ሳገግም በየጊዜው እደውልላቸው ነበር። ራጁንስ እላለሁ። "ተነስቻለሁ ቲቸር፣ አልሀምዱሊላህ፣ ንጹህ ነው አሉኝ" አሉኝ አንድ ቀን። ደስ ብሎኝ መረቅ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ራጅ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ፈቲያ ደወለች። አባቷ ሲያስሉ ጨው ጨው የሚል ውሃ አፋቸውን ሞላው። ነጭ ቆዳ የሚመስል ነገር ተፉ። ሰውነታቸው ሽፍ አለ። ትንፋሽ አጠራቸው። ሆስፒታል በር ላይ ደረሱ። በሕይወት አልገቡም።

ስፌቴን በነጠላ አስሬ ሚኤሶ ወረድኩ፤ ቤተሰባቸው እዚያ ነው የቀበራቸው። እውነቱን ለመናገር ለቅሶ ቤት የገባሁት ተናድጄ ነው። ራጁ ንጹህ ነው ብለውኝ እንዴት እንደዚህ ይሆናል? ራጁን ያነበበውን ሰው ልጣላው ፈለግሁ። ፈቲያ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

"ቲቸር፣ አባባ ራጅ አልተነሳም" አለችኝ።

ከዚያ የሆነውን ነገረችኝ። የእኔ ሕመም ከውሾቹ መምጣቱ ሲወራ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግቢዬ መጥተው ነበር። ለውሾቹ መርዝ እንዲጣል ተስማምተዋል፤ ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ ግን አስቀድመው ለኦቦ ጀማል ሊነግሯቸው ነው የመጡት። እሳቸውም ውሾቹ መድኃኒት እንደዋጡ፣ ከእንግዲህ ጥሬ ሳንባ እንደማይበሉ አስረዷቸው። አላመኗቸውም። በመጨረሻ ኦቦ ጀማል ተነስተው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ።

"ከቲቸር በፊት ከነሱ ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ። በእጄ አበላሁ፣ አጠገባቸው ተኛሁ። እዩኝ፣ ምን ሆንኩ?"

ሽማግሌዎቹ አይተዋቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሾቹ ዋስ የእሳቸው ጤና ሆነ። ራጅ ከተነሱና የሆነ ነገር ከተገኘ ወሬው በአንድ ቀን ጭሮን ያዳርሳል። ስለዚህ ሰው ባለበት አያስሉም ነበር፤ ሳሉ ሲመጣ ውሾቹ ወዳሉበት ጓሮ ይሄዱ ነበር አለች ፈቲያ። ቲቸር እስክትመለስ ልጠብቅ፣ ከዚያ እታያለሁ ብለዋታል።

ሽማግሌዎቹ ለለቅሶ ከጭሮ ወርደው ነበር። ኦቦ ጀማልን የገደላቸው ምን እንደሆነ አላወቁም። ዝም ብል ውሾቹ ይኖራሉ፤ ኦቦ ጀማልም የፈለጉት ይህንኑ ነው። ግን የግቢዬ አጥር ሌላ ቤትም ያጥራል፤ እዚያ ልጆች አሉ፤ ኳሳቸውን ፍለጋ እየዘለሉ ይገቡ ነበር። ፈቲያን አየኋት። ንገሪያቸው አለችኝ። ነገርኳቸው። የኦቦ ጀማልና የእኔ ሕመም አንድ ነው አልኩ፤ በአጥር የምንገናኝ ሁሉ እንመርመር አልኩ። አንዳቸውም አልተቆጣኝም። አንገታቸውን ደፉ።

ከጎረቤቶቼ ልጆች የአንዷ ጉበት ላይ ትንሽ ከረጢት ተገኘ። ገና በጊዜ ስለተደረሰበት አልቤንዳዞል እየወሰደች ያለ ቀዶ ሕክምና ጠፋላት፤ አሁን ከክፍሏ አንደኛ ሯጭ እሷ ናት፣ እናቷም ባየችኝ ቁጥር ሁለት እጄን ይዛ ትመርቀኛለች። ከውሾቹ ሦስቱን ግን አጣኋቸው። እኔ ለክትትል አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ መርዝ ተጣለላቸው። ጉራቻ ከኦቦ ጀማል ክፍል ደጃፍ ላይ ነው የተገኘው። ማን እንደጣለ አልጠየቅሁም። እሳቸው ሕይወታቸውን ሰጥተው ያቆዩአቸውን እኔ በአንድ ንግግር አስጨረስኳቸው። ዛሬም ቢሆን ከመናገር አልመለስም፤ ሕመሜ ግን ይኸው ነው፣ የጎኔ ጠባሳ አይደለም።

አዲና ቡላ አብረውኝ አሉ። አርጅተዋል። የእንስሳት ሐኪሙ በቀጠሮው እየመጣ መድኃኒታቸውን ይሰጣቸዋል፤ ሳንባ ስናገኝ እስኪበስል ድረስ ቀቅለን ነው የምንሰጣቸው፤ ውሃ የቋጠረውን ባለ ሥጋ ቤቱ ራሱ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብረዋል። ቆፍር ስለው ያልሳቀብኝ እሱ ነው፤ አላህ ይስጠው። ጠይቆ ያዳነኝን ወጣት ሐኪም፣ ከረጢቱን ያወጣችልኝን ሐኪም፣ መረቅ ይዛ አልጋዬ አጠገብ የቆመችውን እህቴን ከልቤ አመሰግናለሁ። የፈቲያን ውለታ ግን በምን ቃል እንደማመሰግን እስካሁን አላወቅሁም።

ይህን የምታነቡ፣ ጎናችሁን ከብዷችሁ ውሻም ካላችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ያ ውሃ በመርፌ ይቀዳልኝ ብላችሁ ሕመሙን የማያውቅ ሰው ዘንድ አትሂዱ። ውሻውን አትግደሉት፤ በእሱ ቦታ ሌላ መጥቶ ያንኑ የተጣለ ሳንባ ይበላል። ከውሾቹ ጋር የሚኖር ሰው አስሎ አቧራ ነው ቢላችሁ ደግሞ አትመኑት። ተመርምሬያለሁ ቢልም አትመኑት። እጁን ይዛችሁ ውሰዱት። እኔ ስልክ ብቻ ነበር የያዝኩት።